ልጆችን ቤት ስናስተምር ግብ እንዴት ይወጣል? ከደሴ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ትልቋ ልጄ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍን ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የጨረሰች ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በየማታው ስንት ገጽ እንደሄድን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር እጽፍ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ አክብበን አጨበጨብን። በማግሥቱ ሰኞ ገበያ ይዣት ወረድኩ። የ35 ብር ሽንኩርት፣ የ28 ብር ቲማቲም ገዛን። መቶ ብሩን በእጇ ሰጠኋትና «ስንት ይመለስልሻል?» አልኳት። ዝም አለች። ጣቶቿን ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ «እማ፣ መደመር ነው መቀነስ?» አለችኝ። ሻጯ እናት 37 ብሩን አንድ በአንድ ቆጥረው መለሱላትና «አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው ጉንጯን ነካ አደረጓት።

ደብተር ላይ ብጽፍላት 100 ሲቀነስ 63ን ትሠራዋለች። ገበያ ላይ ግን የመቀነሱን ምልክት የሚያስቀምጥላት የለም። እኔ የያዝኩት ግብ መጽሐፉን መጨረስ ነበር። መጽሐፉ አለቀ። ልጅቷ ግን እዚያው ነበረች።

ወሎ ውስጥ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ቤት ማስተማር የጀመርነው መርጠን አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ትምህርት የተቆራረጠባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው። ልጁ ታሞበት ወይም ትምህርት ቤቱ ርቆበት የጀመረ አለ። አስቦበትና ወዶ የጀመረም አለ። መነሻው የትኛውም ይሁን፣ ሁላችንም የምንደርስበት ጥያቄ አንድ ነው። ልጄ ምን እንዲችል ነው የማስተምረው? መቻሉንስ በምን አውቃለሁ?

1. ለምን እንደምታስተምሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

አባትና እናት ቁጭ በሉ። አያት ካሉም ይጨመሩ። ቡና ይፈላና ከአቦል እስከ በረካ ይህን ብቻ ተነጋገሩ። ብዙ ቤት ይህን ሳይነጋገር ይጀምርና ከሁለት ወር በኋላ እናት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አባት ወደ ሌላ አቅጣጫ ልጁን ይጎትቱታል።

አንዳንድ ቤት ትምህርቱ ድልድይ ነው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ወይም ልጁ እስኪድን ነው የሚያስተምሩት። እንዲህ ከሆነ ዋናው ሐሳብ ልጁ ሲመለስ ከእኩዮቹ እንዳይራራቅ ማድረግ ነው። ንባብና ሒሳብ ሁሉን ይቀድማሉ። ሌላው ሊጠብቅ ይችላል።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ግቡ ሰፊ ነው። ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ እጅ ሥራውም ከእናንተ ይጠበቃል።

ልጁ ትምህርት ቤት እየሄደ እናንተ ማታና ቅዳሜ የምታግዙትም አላችሁ። ለእናንተ አንድ ወይም ሁለት ግብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ልጁን ማድከም ነው።

«ልጃችን በመስከረም ወደ 5ኛ ክፍል ሲመለስ መጽሐፉን ያለ ረዳት ማንበብ እንዲችል» ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ለጥፉት።

እዚሁ ላይ ሳትዘገዩ መሄድ ያለባችሁ ቦታ አለ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክልላዊ ፈተና አለባቸው። 12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አለ። ልጃችሁ ወደነዚህ ክፍሎች እየተጠጋ ከሆነ በቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት ወይም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አናግሩ። ምዝገባው እንዴት እንደሚሆን፣ የትኛው ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ ልጁ ተመልሶ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልገው በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ። ያለፈው ዓመት የውጤት ካርድ ከጠፋ አሁኑኑ ይፈለግ።

2. ልጁ የቆመበትን ቦታ ፈልጉ

መመሪያው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ሳምንት ስጡት። በዚህ ሳምንት ምንም አታስተምሩ። ተመልከቱ፣ ጻፉ።

ንባብ። ልጁ አይቶት የማያውቀውን አንድ አንቀጽ ምረጡ። ካለበት ክፍል መጽሐፍ ይሁን። ሰዓት ያዙና አንድ ደቂቃ ያንብብ። ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ቁጠሩ። ቁጥሩን ከማንም ልጅ ጋር አታወዳድሩት። የዛሬው 22 ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ከ22 ጋር ነው የምታነጻጽሩት። ቀጥሎ መጽሐፉን አጥፉና ሦስት ነገር ጠይቁት። ስለ ማን ነው? ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ሁለቱን መልሶ «ለምን» ላይ የሚቆም ልጅ ብዙ ነው። ድምፁን ያወጣል እንጂ አልገባውም ማለት ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይህን ለመመዘኛ ተጠቀሙበት። እኔ ለትንሹ ልጄ ወረቀት ላይ ይህን ጻፍኩለት፦ «አባቴ ቤት ውስጥ ሰው አለ አለ።» መጀመሪያ ሁለቱንም «አለ» አጥብቆ አነበባቸው። ቆመ። ደገመው። ሁለቱንም አላላቸው። ፊቱን አየሁት፣ ቅንድቡ ተሰብስቧል። ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን አጥብቆ፣ የኋለኛውን አላልቶ አነበበና «አሃ! አባዬ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ። ያ ጩኸት ማንበቡን ሳይሆን መረዳቱን ነገረኝ። «ገና አልነጋም» እና «ገና ደረሰ»ን ጽፋችሁ ሞክሩት። ልጁ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር እያገናዘበ ካነበበ ወዲያው ይታያችኋል።

ፊደል ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ማለቱ አያታልላችሁ። 33ቱን በሰባቱ ስታባዙ 231 ፊደል ነው። በዜማ የያዘ ልጅ መስመሩን ሳይሰብር ይወርደዋል፤ አንዱን ነጥላችሁ ስትጠይቁት ግን ከራስ ጀምሮ እየቆጠረ ይደርስበታል። ስለዚህ ፊደላቱን በትንንሽ ካርቶን ጽፋችሁ በትኗቸው። በተለይ መስመር እየተጨመረባቸው የተለወጡትን፣ ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን፣ ጠ እና ጨን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሳድሱንም ለብቻው እዩት፤ የሳድስ ቅርጽ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ነው። የሳታቸውን ብቻ ጻፉ። ከ231ዱ 19ኙን ከሳተ፣ የምታስተምሩት 19 ፊደል ነው። ገበታውን እንደገና ከሀ ማስጀመር የለባችሁም።

ጽሕፈት። አምስት ዓረፍተ ነገር በቃል ንገሩትና ይጻፍ። ሌላ ቀን ደግሞ «ትናንት ያደረግከውን ጻፍ» በሉት። የመጀመሪያው ፊደል መያዙን፣ ሁለተኛው ሐሳብ መያዙን ያሳያል። የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አትቀላቅሏቸው።

ሒሳብ። በወረቀትም፣ በአፍም፣ በእጅም ፈትኑት። በወረቀት የሚሠራውን በአፍ የማይሠራ ካለ የኔ ልጅ ጉዳይ ነው። ጤፍ በጣሳ አስለኩት። ድፎ ዳቦ ቁረጡና «ግማሹን ለአባትህ፣ ሩቡን ለእህትህ ስጥ፤ ስንት ቀረ?» በሉት። 305 ብሎ ሊጽፍ ሲል 3005 ከጻፈ የቦታ ዋጋ አልገባውም። እዚያ ላይ ተሰናክሎ ወደ ማባዛት ብታስገቡት በአሸዋ ላይ መሥራት ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ልጃችሁ 4ኛ ክፍል ተብሎ ንባቡ የ2ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ። በልጁ ፊት ደግሞ በጭራሽ አታውሩት። ዓመት ሁለት ዓመት ትምህርት የተቆረጠበት ልጅ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ከቆመበት ጀምሮ ሲሄድ በፍጥነት ይሄዳል። ካልቆመበት ስታስጀምሩት ነው የሚንገዳገደው።

3. ግቡን በሚታይ ነገር ጻፉ

ወሎ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የትምህርት ቦታ ነው። ዋድላ በቅኔ ይታወቃል። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ደግሞ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ከሩቅ እየመጣ የቀራባቸው ናቸው። በሁለቱም ወገን ትምህርቱ የሚሄድበት መንገድ ይመሳሰላል። የኔታ ዘንድ ንባቡን ያልለየ ልጅ ዳዊት አይጀመርለትም። ቁርአን ቤትም በሎሁ፣ በእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የተጻፈው የሚታጠበው ልጁ ሲይዘው ነው። አልያዘውም? ሎሁ ነገም ያው ነው። «ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ወደሚቀጥለው እንለፍ» የሚባል ነገር የለም።

ቤት ውስጥ የምታወጡት ግብ እንደዚያ ሎህ ይሁን። መቼ እንደሚታጠብ ከመጀመሪያው የታወቀ። ግቡ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ልጁ ምን ያደርጋል፣ በምን ላይ፣ ያለ ማን እርዳታ፣ እስከ መቼ።

«ሒሳብ ላይ ይበረታል» ግብ አይደለም። ምኞት ነው። «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በ200 ብር ሦስት ነገር ገዝቶ መልሱን ከሻጩ ቀድሞ በአፉ ይናገራል» ግብ ነው። ገበያ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ።

«ንባብ ትወዳለች» የሚለውን መመኘት መልካም ነው። ለመከታተል ግን «እስከ ጥር አጋማሽ በሳምንት አንድ አጭር ተረት ለብቻዋ አንብባ ለአያቷ በራሷ ቃል ትተርካለች» ብላችሁ ጻፉት። አያቷ መጨረሻውን ከተረዱ ልጅቷም ተረድታለች።

«እንግሊዝኛ ይማራል» ከማለት «እስከ መጋቢት ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ አምስት ዓረፍተ ነገር ሳያይ ይናገራል፣ ይጽፋልም» በሉ።

የባሕርይ ነገር ሲሆንም እንዲሁ። «ኃላፊነት ይሰማዋል» አይታይም። «ለሁለት ወር የዶሮዎቹን ውኃና መኖ ሳይነገረው ይሰጣል፣ የተገኘውን እንቁላል በደብተር ይመዘግባል» ይታያል። እንቁላሉን ሲደምር ደግሞ ሒሳብ ነው።

ለአንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአራት ግብ አትበልጡ። እኔ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ጽፌ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቼም እኔም ተኳርፈን ነበር። አሁን አንድ የንባብ፣ አንድ የሒሳብ፣ አንድ ስለ አካባቢያቸው፣ አንድ ልጁ ራሱ የመረጠው ነው የምይዘው።

4. መጽሐፉን እንደ ካርታ ያዙት

የመንግሥትን መማሪያ መጽሐፍ አትናቁት። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አለ። በየምዕራፉ መጀመሪያ «ከዚህ ምዕራፍ በኋላ ተማሪዎች…» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ብዙ ወላጅ ያን ገጽ ዘሎ ወደ መልመጃው ይሄዳል። ከመጽሐፉ ሁሉ ለእናንተ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። እሱን አንብባችሁ በሦስት ምልክት ለዩት። ልጁ የሚችለው፣ አሁን መያዝ ያለበት፣ ሊቆይ የሚችል። መካከለኛው ወደ ግብ ይለወጣል።

ዓመቱን በሦስት ክፈሉት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ። የቤታችሁን ኑሮ እያያችሁ ጫኑት። ገጠር ከሆናችሁ ኅዳር አጨዳ ነው፣ ልጁም ማሳ ላይ ነው። በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ እርሻ አለ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የትኛው ወር ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ። ገና፣ ጥምቀት፣ መውሊድ፣ ዓረፋ አለ፤ በኛ አገር ደግሞ የጎረቤቱም በዓል የራስ በዓል ነው። በዚያ ሳምንት ከባድ ነገር አታቅዱ።

5. ግቡን ከምትኖሩበት መሬት ጋር እሰሩት

ልጅ በዓይኑ ያየውን ነገር አይረሳም። መጽሐፉ ለመላው ክልል የተጻፈ ነው። የእናንተ ልጅ ግን የሚኖረው ጦሳ ሥር ነው፣ ወይም መርሳ ነው፣ ወይም ባቲ ነው። እኛ ያደረግነውን ጥቂት ልንገራችሁ።

ለአካባቢ ሳይንስ የያዝነው ግብ «ኮምቦልቻ ከደሴ ለምን እንደምትሞቅ ለአባቷ በሥዕል ታስረዳለች» የሚል ነበር። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ልጄ መጀመሪያ «ኮምቦልቻ ለፀሐይ ትቀርባለች» ነበር ያለችው። አላረምኳትም። «የትኛዋ ናት ከፍ ያለችው?» ብቻ አልኳት። ዝም ብላ አሰበች። «ደሴ… እንዴ! ታዲያ ለፀሐይ የምትቀርበው ደሴ ናት!» አለች። የራሷን ሐሳብ ራሷ ጣለችው። ከዚያ የ650 ሜትሩን ልዩነት ይዘን አሰላነው፣ አራት ዲግሪ ያህል መጣ። አንድ ቅዳሜ ሹራቧን ለብሳ ከደሴ በታክሲ ወረድን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡን አወለቀች። መቀነስም፣ ማባዛትም፣ ጂኦግራፊም በአንድ ግብ ውስጥ ገቡ።

ለትንሹ የያዝነው የወንዝ ነገር ነው። «ከደጃችን የሚወርደው ጎርፍ የት ይገባል?» ቦርከናን ተከተልነው፣ በካርታ ማለቴ ነው። ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ሜዳ ወርዶ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሽሎ ግን ከዚሁ ከወሎ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ሜድትራኒያን ይደርሳል። ልጁ ይህን በሰማያዊ ክር ካርቶን ላይ ለጠፈው። ግባችን «ሁለቱን ወንዞች በጣቱ እየተከተለ ያለ እርዳታ ይተርካል» ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ተረከው።

ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ውጫሌን አትለፏት። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ ጣሊያንን መጠቀም እንደምትችል ሲል የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባት። ነገሩ አድዋ ላይ አደረሰ። ለ7ኛ ክፍል ልጅ ግቡ ቀኑን መሸምደድ አይሁን። «ይችላል» እና «አለበት» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ገጽ ይጻፍ። ታሪክም ነው፣ ሰዋስውም ነው፣ በኋላ የቤት ኪራይ ውል ሲፈርም የሚጠቅመው ዕውቀትም ነው።

ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ካለ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በኛው ቦታ ስም የተጠሩ ናቸው። ሌሎቹ ትዝታና አንቺሆዬ ናቸው። «አራቱን ሰምቶ በስማቸው ይለያል» የሚል ግብ ለልጅ ደስ ይላል።

ቋንቋም አለ። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ አካባቢ ያላችሁ ኦሮምኛ በደጃችሁ ነው። ልጁ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ዋጋ ጠይቆ እንዲገዛ ግብ ያዙለት። አስተማሪ ሳይቀጠር የሚማረው ነገር ነው።

6. ልጁ አንዱን ግብ ራሱ ይምረጥ

ብዙዎቻችን ይህን እንፈራለን። ልጅ ምን ያውቃል እንላለን። ሞክሩት። ትንሹ ልጄ የመረጠው «ራዲዮ ፈትቼ መልሼ መግጠም» ነበር። የተበላሸ አሮጌ ራዲዮ ሰጠነው። ብሎኖቹን በሳህን እየለየ፣ የፈታበትን ቅደም ተከተል በሥዕል እየመዘገበ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ራዲዮው አልሠራም። መልሶ ግን ገጥሞታል። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል የሚያለቅስ ልጅ ያን ጊዜ አራት ገጽ ጻፈ።

የእናንተ ድርሻ የሱን ፍላጎት ወደሚታይ ነገር ማምጣት ብቻ ነው። «ኳስ» ካለ «ለሰፈሩ ቡድን የጨዋታ ሰንጠረዥ አውጥቶ ነጥብ ይይዛል» አድርጉት።

7. ቀኑን አታጨናንቁት

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት የተረጋጋ ትምህርት ይበቃል። ለትልልቆቹ ሦስት፣ አራት። 50 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ቤት ውስጥ የለም። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ከባዱን ጨርሱ። ለትናንሾቹ በየ20 ደቂቃው ተነሥተው ይንቀሳቀሱ።

ሥራ የምትውሉ ወላጆች፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓትና ማታ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት የናንተ ይሁን። መሀሉን ታላቅ ለታናሽ ያስተምር። የየኔታ ቤትም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ከፍ ያለው ከሥሩ ላለው ያስቀጽላል። ታላቁም ሲያስተምር ይበልጥ ይይዘዋል። ብቻ ቀኑን ሙሉ አታሸክሙት፣ የራሱም ትምህርት አለው።

ራሳችሁ ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ወላጆች አላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ይሆናል። «እኔ ምን አስተምራለሁ?» እንዳትሉ። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁና በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ከተምታታ ጆሯችሁ ይለየዋል። በቃል ሒሳብ ገበያ ላይ ማን ይበልጣችኋል? ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የእህል ዓይነት፣ የከብት በሽታ፣ የዝናብ ምልክት ከናንተ በላይ የሚያውቅ መምህር የለም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማንበብ የሚችል ጎረቤት ወይም ዘመድ ደብተሩን ይይላችሁ። «እስቲ የኔን ልጅ ደብተር እይልኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ እንቢ የሚል ወሎዬ አላውቅም።

8. በየ15 ቀኑ ሎሁን እዩ

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ ከሰዓት ምዘና ይሁን። ፈተና አትበሉት። «እስቲ አሳየኝ» በሉት። ግቡን አንብቡለትና ያድርገው።

ካደረገው ግቡን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘው። ራሱ ይሰርዘው። ሎሁን የሚያጥበው ልጁ ነውና።

ካላደረገው ወደ ስድብና ወደ ንጽጽር አትሂዱ። «የእገሌ ልጅ እኮ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። ይልቁንስ ከሥር የጎደለ ነገር እንዳለ ፈልጉ። ልጄ በማካፈል ላይ አንድ ወር ቆማብኝ ነበር። በየቀኑ ያንኑ ደጋግሜ አስረዳኋት። እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ ሲል ነው ያቆምኩት። በማግሥቱ ማካፈሉን ትቼ ማባዛት ጠየቅኳት። እስከ 6 ድረስ እንደ ውኃ ነው። የ7 እና የ8 ላይ ግን በግምት ነበር የምትሄደው። የጎደለው ማካፈል አልነበረም። ሁለት ሳምንት የ7ን እና የ8ን ብቻ ያዝን። ከዚያ በኋላ ማካፈሉ በአራት ቀን አለቀ።

ከሥር የጎደለ ካልተገኘ ግቡ ለዕድሜው በዝቶ እንደሆነ እዩ። ከፍላችሁ ግማሹን አድርጉት። እሱም ካልሆነ መንገዱን ለውጡ። ወረቀት እንቢ ያለው ልጅ በጠጠር ይሆንለታል። በሁለት ምዘና ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከሩቅ ማየት የማይችል ልጅ ሰነፍ ተብሎ ዓመት ሲያልፍበት አይቻለሁ። ያሳዝናል፣ በመነጽር የሚያልቅ ነገር ነበር።

9. ማስረጃውን አስቀምጡ

ለአንድ ልጅ አንድ ክላሴር ይበቃል። በየወሩ መጨረሻ አንድ የጽሕፈት ወረቀት፣ አንድ የሒሳብ ወረቀት፣ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ፣ የተሰረዙት ግቦች። ሁሉም ላይ ቀን ይጻፍ። ሥዕልና የእጅ ሥራ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንሡት። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ የልጁን ደረጃ የሚወስነው መምህር ይህን ሲያይ ሥራው ይቀልለታል። «ቤት ነበር» ብሎ ከመናገር «እነሆ በጥቅምት ይህን፣ በጥር ይህን ይሠራ ነበር» ማለት ይሻላል።

የልጄ ክላሴር ፊት ላይ ያለው የመስከረሙ ወረቀት ነው። «ትናንት ውኃ ቀዳው» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ከበስተኋላ ያለው የሰኔው ነው። ሁለት ገጽ ስለ ሰኞ ገበያ ጽፋለች፤ ከታች በኩል የገዛችውን በሙሉ ዘርዝራ፣ ደምራ፣ ከ200 ብር ላይ ቀንሳ፣ የተመለሰላትን አስምራበታለች።